በእኔ ክንድ የተለካ ማድ ቤት

መካነ ሰላም ከተማ ዳር በብሎኬት ቤት የሚያድሩ ላሞች አሉ። የእኔ ናቸው። ሰው ሲያልፍ ያያቸውና ይስቃል። «ላሞቹ ብሎኬት ውስጥ፣ ሰዎቹ ጭቃ ውስጥ» ይላል። ይበል። ያደረግኩትን አውቄ ነው ያደረግኩት። የተሳሳትኩበትም አለ፤ እሱንም አልደብቅም። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ጽሕፈቴ የሚጎረብጠው ካለ ረገጥ አድርጎ ይለፈው።

ባለቤቴ አርባ ዓመት ሙሉ ጭስ ስትጠጣ ኖራለች። እኔም ሆንኩ ሌላው የሰፈሩ ወንድ ይህን ከነገር ቆጥረነው አናውቅም። ዝናብ ይዘንባል፣ ማድ ቤት ይጨሳል፤ እንዲህ ነበር የሚመስለን። ባለፈው ክረምት አሮጌው ማድ ቤት ዝናቡ በረታበትና በአንድ ጎኑ ተናደ። በዚያው ሰሞን እሷም ሳሉ ጠናባት፤ ዓይኗ ቀላ፣ ጉልበቷ አልታዘዝ አለ። ደሴ የምትኖረው ልጃችን መጥታ ይዛት ሄደች።

ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ ዓይኗን ገልጦ ካየ በኋላ ልጄን ወደ ጎን ጠርቶ «እናትሽ ሲጋራ ያጨሳሉ?» አላት አሉ። ልጄ መጀመሪያ ሳቀች። ኋላ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት። በዚያው ቀን ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ እማዬን ጭስ ውስጥ አልመልሳትም። እዚሁ እኔ ጋ ትኑር።»

«እኔስ?»

«እርስዎም ይምጡ።»

«ላሞቹስ?»

«ይሽጧቸው።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩና መልሼ ደወልኩ።

«ጭስ የሌለበት ማድ ቤት ብሠራስ?»

«ጭስ የሌለበት፣ ውሃ ውስጡ የገባ፣ እማዬ ጎንበስ ቀና የማትልበት ከሆነ ለኅዳር ሚካኤል ይዣት እመጣለሁ» አለች። በኅዳር ሚካኤል የማኅበሩ ጽዋ እኛ ቤት ነበር የሚወጣው። «ግን አይቼ ካልወደድኩት ይዣት እመለሳለሁ። ያን ጊዜ አይቆጡኝም።»

«ልማልልሽ?»

«አይማሉ። ብቻ ይሥሩ።»

ሳምንት ሳይሞላ ብሎኬትና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ደጄ ቆመ። እሷው ናት የላከችው። በስልኬ ደግሞ ፎቶ ላከችልኝ፤ ከፎቶው ሥር «የጥንት ስልት ከዘመናዊ ምቾት ጋር» ተብሎ ተጽፏል። ፊደሉን እየቆጠርኩ አነበብኩት። ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል። ግድግዳው ላይ ቅል ተደርድሮ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ የድንጋይ ወፍጮ አለ፤ የሚፈጭበት ቦታ ላይ አበባ ተተክሏል። ወፍጮ ላይ አበባ! ምድጃ የሚመስልም ነገር አለው፤ እሳት የሚባል ነክቶት አያውቅም።

ደወልኩ። «ልጄ፣ ይሄ ማድ ቤት አይደለም፤ የማድ ቤት ተዝካር ነው።»

«አባዬ ደግሞ! ጥንቱን ይወዱታል ብዬ እኮ ነው።»

«ተዝካር የሚወጣው ለሞተ ነው። የእኔ ማድ ቤት ተናደ እንጂ አልሞተም።»

«እሺ፣ በብሎኬቱ እንዳሻዎ ይሥሩት።»

«በብሎኬቱም አልሠራም» አልኳት። ምክንያት ነበረኝ። እኛ ደገኞች ነን። ብሎኬት ቤት ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ ሊጥ አይነሳበትም፣ የጠላ ጥንስስ ይተኛበታል። የጭቃ ግድግዳ ግን ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይሰጣል። ላም እንደሆነች ራሷ ምድጃ ናት፤ የትም ብታድር ሙቀቷን ይዛ ነው። ብሎኬቱን ለላሞቹ አደረግኩት። ልጄ ይህን ስትሰማ ሁለት ሳምንት አልደወለችልኝም።

እኔም ፍርስራሹ መሀል ተቀመጥኩና የወጣ የወጣውን ዕቃ እያየሁ ማሰብ ጀመርኩ። ጎታው ደኅና ነው። ጋኑ አንገቱ ብቻ ተሸርፏል። ጉልቻዎቹ እንዳሉ ናቸው። እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደነበረ ማወቅ ፈለግኩ። ጎታው ለምን ከበሩ ጀርባ? ቡሃቃው ለምን ከምድጃው በስተቀኝ? አላውቅም። አርባ ዓመት የበላሁበትን ቤት አላውቀውም። የምታውቀው ባለቤቴ ደሴ ናት፤ ደውሎ መጠየቅ ነበር። አልጠየቅኩም። ወንድ ልጅ ደውሎ «ሽሮው የት ነበር የሚቀመጠው?» አይልም ብዬ ነው። የጥፋቴ መነሻ ይህ ነው፤ ቀድሜ ልናገረው።

ግንበኛ አመጣሁ። የወረኢሉ ሰው ነው፣ እስላም፣ ሲሚንቶም ጭቃም እኩል የሚያውቅ። ምላሱም ከእጁ አያንስም። ፍርስራሹን አየና «አብሽሩ አባቴ፤ ኢንሻላህ ለኅዳር ያልቃል» አለኝ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን በጭሱ ተጣላን።

«ጭሱን በቆርቆሮ ቱቦ ቀጥ አድርገን በጣሪያ እናወጣዋለን» አለ።

«ቆጡስ?»

«የምን ቆጥ?»

ከምድጃው በላይ ያለውን የእንጨት መደርደሪያ ማለቴ ነው። የዘር ባቄላውም የዘር በቆሎውም እዚያ ነው የሚከርመው። ጭሱ እያጠነው ነቀዝ ሳይደፍረው ለዘር ይደርሳል።

«ጭሱን ሁሉ ካወጣኸው ዘሬን ነቀዝ ይብላው?» አልኩት።

«እንግዲህ አባቴ፣ ጭሱን ይፈልጉታል ወይስ አይፈልጉትም?»

«ባለቤቴን አይንካት። ዘሬን ይንካው።»

ግንበኛው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «ወላሂ፣ ጭሱን ቄስም ሼህም ሊያስተምሩት ነው!»

ስቆ ሲጨርስ ግን ሠራው። የጭሱን መውጫ በድንጋይና በጭቃ እንደ ጠርሙስ አንገት አድርጎ በቆጡ መሀል አሳለፈው። ቆጡን እንደ ቁም ሣጥን ከበበው። በአንገቱ ጎን ላይ ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ተወና የሸክላ ክዳን ገጠመላት። ክዳኗ ስትነሳ ጭሱ ወደ ቆጡ ገብቶ ዘሩን ያጥናል። ስትከደን ቀጥ ብሎ በጣሪያ ይወጣል። ይህን በየትኛውም ፎቶ ላይ አላየሁትም።

ቧንቧውን ከግቢው ወደ ውስጥ አስገባሁት። የውሃ ማጠቢያ ገንዳው ሲሚንቶ ነው፤ በውሃ ነገር ሲሚንቶን አልነቅፍም። ከገንዳው ሥር ግን ለእንስራ የሚሆን ቦታ አስቀረሁ። ቧንቧ ጾም ያበዛል፤ እንስራ የሰጡትን አይከዳም። ሁለት አምፖል አስገባሁ፤ መብራት የጠፋ ቀን ኩራዝ የምትቀመጥባት ጉድጓድ ደግሞ ግድግዳው ላይ አለች። በመስኮቱ ሥር ለጋኑ መቀመጫ ሰፋ ያለ የጭቃ መደብ አሠራሁ። አሮጌው ሁሉ ሥራ ስላለው ቆየ፤ አዲሱም ሥራ ስላለው ገባ። ለማማር ብቻ የገባ አንድም ነገር የለም።

ከዚያ የምድጃው ተራ ደረሰ።

«ከመሬት ከፍ ይበል» አልኩ። «ማጎንበስ ይብቃት፤ ቆማ ትሥራበት።»

«ስንት ይሁን?»

«ሁለት ክንድ።»

«በማን ክንድ?»

«በማን ይሆን? የቤት ልክ የአባወራው ክንድ ነው። አባቴም በክንዱ ነው የለካው።»

ግንበኛው ጭቃውን ከመዳፉ አራገፈና «የእናታችን ቁመታቸው እስከ የት ነው?» አለኝ።

እጄን አየር ላይ አነሳሁ፤ እዚህ ድረስ ልለው። እጄ ግን መቆሚያ አጣ። ትከሻዬ ጋ ናት? ደረቴ ጋ? ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከኋላዬ ነው የምትመጣው። ቤት ውስጥ ወይ አጎንብሳ ነው የማያት፣ ወይ ተቀምጣ። አርባ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ቁመት ጠፋኝ። አፈርኩ፤ ሳፍር ደግሞ እቆጣለሁ።

«ሁለት ክንድ ብዬሃለሁ!» አልኩት፤ ክንዴንም ዘርግቼ ሰጠሁት። ለክቶ ገነባ።

ቀዩን አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተን፣ ሸፍነን አክርመነው ነበር። ለምርጊቱ ሰፈሩ ደቦ ወጣልኝ። እየረገጡ፣ እየመረጉ ይሰድቡኛል፤ ደቦ ያለ ስድብ አይሞቅም።

«ሚስቱ ቤት የለችም፣ እሱ ማጀት ይሠራል። ምን ሊያበስልበት ነው?» ይላል አንዱ።

«ራሱን!» ይላል ሌላው።

«ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት ነው ተረቱ። ይሄ ሰውዬ መንገድ ስቷል።»

«እርገጥ፣ እርገጥ!» እላለሁ እኔ። «ተረት ግድግዳ አይመርግም።»

ኅዳር ስምንት ቀን፣ ማኅበሩ አራት ቀን ሲቀረው፣ ልጄ እናቷን ይዛ ከሚኒባስ ወረደች። ባለቤቴ ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ጠርቷል። ሳሉም ቀሎላታል። ቀጥታ ወደ ማድ ቤቱ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ደረቴን ነፍቻለሁ። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች። ጎታውን መታ መታ አደረገች። ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። እሳት አያይዤ ስለ ክዳኗ ነግሬያት አንስታ ስትከድን፣ ጭሱ እንደታዘዘ ሲሄድ፣ «ጉድ እኮ ነው!» አለች። ልጄም ፈገግ አለች፤ ከብሎኬቱ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ ባለቤቴ ምድጃው ፊት ቆመች። ጠርዙ ደረቷ ላይ ደረሰ። ድስቱን አንስታ ጣደችው፤ የድስቱ አፍ አገጯ ሥር መጣ። ውስጡን ለማየት በእግር ጣቷ ተንጠራራች። ጉልበቷ ከዳትና ግድግዳውን ያዘች።

ውሃው ቧንቧው ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል።

«አባዬ…» አለች ልጄ።

«ልክ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ምድጃው ልክ ነው። እሷ ናት ያጠረችው።»

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሰማሁት። ልመልሰው ብል በየት በኩል? ባለቤቴ አልተቆጣችም። ነጠላዋን አስተካክላ «አርባ ዓመት ያጎነበሰ ካላጠረ ምን ይሁን?» አለች።

ልጄ ሻንጣውን ሳትፈታው ከበሩ ጥግ አስቀመጠችው። «ማኅበሩ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ይዣት እመለሳለሁ» አለች።

ግንበኛው በማግስቱ መጣና አየ። «እናፍርሰው አባቴ።»

«አላፈርስም።» ምድጃው ቢፈርስ የጭሱ አንገት አብሮ ይወርዳል፤ ቆጡም፣ ጣሪያውም። ጭቃው በሦስት ቀን አይደርቅም።

«የሚረገጥ ደረጃ እንሥራላቸዋ።»

«በዚያ ጉልበት ደረጃ ወጥታ? እሳት ውስጥ ልትገባልህ ነው?»

ባለቤቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትሰማን ነበር። «ቆመሽ ሥሪ ያለኝስ ማን ነው?» አለች። «እኔ መቼ መቆም አማረኝ? እኔ የፈለግኩት መቀመጥ ነው። ተቀምጬ፣ እግሬን ዘርግቼ። የጠየቀኝ እኮ የለም።»

ግንበኛው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት ብቻዬን ማድ ቤት ገባሁ። ምድጃው ፊት ቆምኩ። ክንዴን ጠርዙ ላይ አሳረፍኩት፤ ክርኔ እንደ ተለካ ነገር ልክክ አለ። ለነገሩ ተለክቶ ነው። ድስቱን ጣድኩት፤ ውስጡ ወለል ብሎ ታየኝ። ወገቤ አልጎበጠም። እንዲህ ቆሜ አሰብኩ፤ በእኔ ልክ የተሠራ ጫማ የእኔ ነው፣ በእኔ ልክ የተሰፋ ኮት የእኔ ነው። ምድጃውስ?

ወጣሁና ጋኑን ከመደቡ አንከባልዬ አወረድኩት። በቦታው አጎዛ አነጠፍኩ። ባለቤቴን ጠራኋት።

«ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። እግርሽን ዘርጊ።»

«ምን ሆኑ ሰውዬ?»

«እኔ እቆማለሁ። አንቺ ንገሪኝ።»

«ምኑን ልንገርዎ?»

«ሽሮውን።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ልጄ ድምፅ ሰምታ መጣችና በሩን ተደግፋ ቆመች። እኔ ግን ማማሰያውን ይዣለሁ፤ ከያዝኩ አልለቅም።

«ዘይቱ የታለ?» አልኩ።

«የምን ዘይት? ገና ነው። ቀይ ሽንኩርቱ በደረቁ ይቁላላ መጀመሪያ። አይቸኩሉ።»

«ቀላ።»

«ቀላ ሳይሆን አረረ ነው የሚባለው እሱ። ይድፉትና ሌላ ይክተፉ።»

ደፋሁት። ሌላ ከተፍኩ። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላው፣ ዓይኔ ፈሰሰ። በሦስተኛው ሽንኩርቱ እሺ አለ፤ ሽሮው ግን ተጓጎለብኝ። በጭልፋ አቀረብኩላትና አየችው።

«ይሄ ሽሮ ነው ወይስ ከደቦው የተረፈ ጭቃ?»

«ጭቃ ከሆነማ አውቅበታለሁ» አልኩና መታሁት። ክንዴ እስኪዝል መታሁት። ሐሙስም እንዲሁ። ሐሙስ ማታ ከሠራሁት ልጄ ሁለት ጊዜ ጨለፈች።

ዓርብ ማኅበርተኞቹ መጡ። የነፍስ አባታችን ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ። ጠላውን የጎረቤት ሴቶች ጠምቀውልናል፣ እንጀራውንም እነሱ ናቸው። ወጡ ግን የእኔ ነው። ጸሎት እስኪደረስ ወጣሁ፤ እንደ ተጠናቀቀ ወደ ማጀት ተመለስኩ። አንዱ ማኅበርተኛ፣ የዕድሜ እኩያዬ፣ ተከትሎኝ መጥቶ አንገቱን በበሩ ከተተ። ደቦ ላይ ተረቱን የተረተው እሱው ነው። አየኝ። ማማሰያውን አየ። ወደ ሌሎቹ ዞሮ ጮኸ።

«ኧረ ኑ ጉድ እዩ! ሰውዬው ቀሚስ ሊለብስ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል!»

መጡ። በሩ በሰው ተሞላ። ልጄ ከመደቡ አጠገብ ነበረች፤ ፊቷ ቀላ፣ ለእኔ አፈረች። እኔ ዞር አልልም። ዞር ካልኩ እንደማልመለስ አውቄዋለሁ።

«ወንድ ወደ ችሎት አልነበረም እንዴ?» አለ ያ ሰው።

«ችሎት ላይ ነኝ» አልኩት። «ዳኛዋ ያቻት፣ መደቡ ላይ። አቤቱታ ካለህ ለእሷ አቅርብ።»

ባለቤቴ አጎዛው ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ሰውየውን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው። «ክርክሩ ይቆየንና ያማስሉት፤ ሊያር ነው!» አለች።

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ያ ሰውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ አመጣጡ አልሄደም። ጭሱ ቀጥ ብሎ በጣሪያ ይወጣል። እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንድም የሳለ የለም። የነፍስ አባታችን ገበታ ላይ መጀመሪያ ቀመሱና ትንሽ አሰቡ።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ።

«ይብዛ አባ። ይብሉት።»

በሉት። ድስቱ ባዶውን ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሻንጣውን ከበሩ ጥግ አነሳች። እኔ ምድጃው ጋ ነበርኩ፤ እሳት እያያያዝኩ።

«እማዬ፣ እንሂድ?» አለች።

«ይሄ ሰውዬ ገና ጨው አያውቅም» አለች ባለቤቴ። «ጥዬው ልሂድ?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ ሦስት ቀን ነው የሠሩት። ማኅበሩ አለፈ። የሰለቸዎት ቀንስ? እማዬ ተመልሳ ጉልቻ መሬት ላይ ልትጎልት ነው?»

ጥያቄዋ ትክክል ነው። እኔም ራሴን ጠይቄው ነበር።

«ይሄን ምድጃ አየሽው?» አልኳት። «ከእኔ በቀር ለማንም አይሆንም። እኔ ካልቆምኩበት ይህ ቤት ጦሙን ያድራል። እንደማላፈርሰው ደግሞ ታውቂያለሽ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። በብሎኬቱ ጊዜ የተቆጣችበትን ግትርነት ፊቴ ላይ አየችው። ሻንጣውን ከፈተች። የእናቷን ልብስ አውጥታ መደቡ ላይ ደረደረችና የራሷን ብቻ ይዛ ወደ ሚኒባሱ ወረደች።

እሷን ሸኝቼ ስመለስ ከሰል አነሳሁ።

«ተነሺ እስቲ፣ ግድግዳው ጋ ቁሚ» አልኳት ባለቤቴን።

«አሁን ምን ሊያደርግልዎ?»

«ልወቀው ነው።»

አጉረመረመች፤ ግን ቆመች። ከራሷ በላይ በከሰል አሰመርኩ። ራሴ መስመሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ከትከሻዬ በታች ነው፣ ብብቴ ጋ። መስመሩ አለ፤ ግድግዳው ሲለቀለቅ እንዳይነካ ከልክያለሁ።

ሰው አሁንም ሲያልፍ ይስቃል። ላሞቹ ብሎኬት ውስጥ ናቸው፣ ወንዱ ማጀት ውስጥ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። ዛሬ ምስር ጥጃለሁ፤ ጨው አልጨመርኩም፣ ዳኛዋ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነው።